ኮዱ አለ፣ መልስ የለም

ስልክ ደውሎ ሰው ማግኘት ይህን ያህል አድካሚ መሆን አልነበረበትም። እዚህ ትግራይ ቁሓ ላይም ሆነ መቀሌ፣ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ፤ በስልክ ቁጥር ያልተማረረ አታገኙም። አንዱ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ «ቁጥርህ አይሠራም» እያለው ሰሚ አጥቷል። ሌላዋ ቅጽ ልትሞላ ተቀምጣ «የተሳሳተ ቁጥር» የሚል ቀይ ጽሑፍ እየመለሳት ግማሽ ቀን አልፏል። ሌላው መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ቁጥር ላይ ደውሎ፣ ደውሎ፣ በመጨረሻ ታክሲ ተሳፍሮ ሄዷል። ሁላችንም አንድ ቋንቋ እናወራለን፤ ግን ለማን አቤት እንደሚባል የሚያውቅ የለም። ጉዳዩ ትንሽ ስለሚመስል ችለነው እንኖራለን። እኔ ግን ችዬው ችዬው ስለሰለቸኝ ዛሬ ልናገረው ነው።

ከቁጥሩ ፊት ካለችው ዜሮ ልጀምር። የቁሓ መደበኛ ስልክ 034 442 ብሎ ይጀምርና አራት አሃዝ ይጨምራል፤ በድምሩ አስር። የፊቷ ዜሮ የማንም ከተማ አይደለችም። ጥሪው ከአካባቢው ወጥቶ ወደ ሌላ አካባቢ እንደሚሄድ ለስልክ ማዞሪያው የምትናገር ምልክት ናት። 34 የሚለው ሰሜኑን፣ ማለትም መቀሌን፣ ዓድዋን፣ አክሱምን፣ አዲግራትን ያመለክታል። 442 ቁሓ ላይ ያለውን ማዞሪያ ጣቢያ ይለያል፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ ደግሞ የባለስልኩ ናቸው። ከውጭ አገር የሚደውል ሰው የኢትዮጵያን 251 ስለሚያስቀድም ዜሮዋ ሥራ የላትም፤ ትወጣለች። ሕጉ ይኸው ነው፤ ከአገር ውስጥ በዜሮ፣ ከውጭ ያለ ዜሮ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው፤ ሆኖም የትም ቦታ ተጽፎ አይገኝም።

ይባስ ብሎ የሚያደናግረን በየቢዝነስ ካርዱና በየማኅተሙ ላይ የሚጻፈው ነው። 251 ይጻፍና ዜሮዋ በቅንፍ ትገባለች፤ ከዚያ 34 ይከተላል። ቅንፉ ምን እንደሚል የሚያውቀው ካርዱን ያሳተመው ብቻ ነው። ጅዳ ያለችው እህት ዜሮዋን ጨምራ ትደውላለች፤ አልገባም ይላታል። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ቁጥሩን እንዳለ ከካርዱ ገልብጦ ይሞክራል፤ እሱም ዘንድ አይገባም። እናት እዚህ ስልኩን ፊት ለፊት አስቀምጣ ትጠብቃለች። ከሳምንት በኋላ በዘመድ በኩል «ቁጥሩ ተቀይሯል መሰለኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። የተቀየረ ነገር የለም፤ አንዲት ዜሮ ናት መሐል የገባችው።

ቅጹ ደግሞ የራሱ መከራ አለው። አንዱ ቅጽ 251ን አስቀድሞ ጽፎ ዘጠኝ ሳጥን ብቻ ይሰጣችኋል፤ በለመዳችሁት በዜሮ ስትጀምሩ የመጨረሻዋ አሃዝ ቦታ ታጣለች። ሌላው አስር አሃዝ ካልሆነ አልቀበልም ይላል። ሦስተኛው በ09 ካልጀመረ ስልክ አይደለም ብሎ 034ን ይመልሳል። በ07 የሚጀምረውን ቁጥር ገና ያልሰማ ቅጽም አለ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ግን ዓመታት አልፈዋል። ቤታቸው መደበኛ ስልክ ብቻ ያላቸው ሽማግሌ ደግሞ ጨርሶ ከቅጹ ውጭ ናቸው፤ የማረጋገጫው ቁጥር በጽሑፍ መልእክት ስለሚላክ እሳቸው ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ስልክ ይሰጣሉ። ከዚያ ወዲያ የራሳቸው ጉዳይ ምን ላይ እንደደረሰ የሚሰሙት ያ ልጅ ቤት ሲኖርና ስልኩ ቻርጅ ሲኖረው ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ኮድ ይጥፋ ለማለት አይደለም። እንዲያውም ኮድ የተፈጠረው ለምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው የሚያንገበግበኝ። ኮድ የመጣው የደዋዩን ድካም ለመቀነስ ነው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሩቅ ቦታ መደወል ማለት ስልከኛ መለመን ማለት ነበር። ደዋዩ ጥሪ ያስይዛል፣ ይጠብቃል፤ ስልከኛዋ በየመሐሉ ካለው ጣቢያ ጋር በእጇ እየሰካች መስመሩን ታያይዛለች። መስመር ከተያዘ ሌላ ጥበቃ ነው። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ አገልግሎቱ ወደ ክፍላተ ሀገር እየሰፋ ሲሄድ፣ ማሽኑ ራሱ ጥሪውን ወደ ትክክለኛው ከተማ እንዲመራ የሚያስችለው መላ የአካባቢ ኮድ ነበር። ማዞሪያው የመጀመሪያዎቹን አሃዞች ሲሰማ የትኛውን መስመር መክፈት እንዳለበት ያውቃል፤ የቀሩትን ሳይጠብቅ መንገዱን ይይዛል። ሒሳቡም በዚያው ይሰላል፤ የቅርብ ነው ወይስ የሩቅ የሚለውን የሚወስነው ኮዱ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን ነገር ሲያቅዱ ምን ያህል ለደዋዩ እንዳሰቡ ሳነብ እኔ ራሴ ቀናሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 አገራቸውንና ካናዳን በ86 ኮዶች ሲከፋፍሉ፣ ዘመኑ ጣት አስገብተው የሚያዞሩት ስልክ ዘመን ነበር። አንድን ማዞር አጭር ነው፤ ዘጠኝንና ዜሮን ማዞር ረጅም። ስለዚህ ብዙ ሰው ለሚደውልለት ኒው ዮርክ 212ን ሰጡት፤ ተደምሮ አምስት ምት ብቻ። ለሎስ አንጀለስ 213፣ ለቺካጎ 312። ጥቂት ሰው ለሚደውልለት አላስካ ኋላ የደረሰው 907 ነው። ደዋዩ ያለ ስልከኛ በገዛ እጁ ሩቅ አገር የደወለበት የመጀመሪያው ጥሪ የተደረገው እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1951 ነው፤ የኢንግልዉድ ከተማ ከንቲባ ከኒው ጀርሲ ካሊፎርኒያ ድረስ ለአላሜዳ ከንቲባ ደወሉ። የብዙ ሰው ጣት የሚቆጥበውን ሰከንድ አስልተው ነው ቁጥር ያደሉት። እኛ ዘንድ ሰከንድ ቀርቶ ሙሉ ቀን ሲባክን የሚቆጥርልን የለም።

የእኛም ኮድ ሥርዓት ነበረው። አዲስ አበባ 01፣ ናዝሬት 02፣ ደሴ 03፣ መቀሌ 04፣ ድሬዳዋ 05፣ ሻሸመኔና አዋሳ 06፣ ጅማ 07፣ ባሕር ዳር 08 እየተባለ ይደወል ነበር። መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ ቁጥሩ ስላልበቃ ኮዱ ከፊቷ ዜሮ ሌላ ሁለት አሃዝ ሆነ፤ የባለስልኩም ቁጥር ከስድስት ወደ ሰባት አደገ። አዲስ አበባ 011፣ ደሴ 033፣ ድሬዳዋ 025፣ ጅማ 047፣ ባሕር ዳር 058 ሆኑ። ልብ ላለ ሰው አሮጌው አሃዝ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል፤ የመቀሌ 4 እስከ ዛሬ በ034 ውስጥ አለች። መቀሌ በ40 ይጀምር የነበረው ቁጥርም ፊቱ ላይ አንድ አራት ተጨምሮለት 440 ሆነ። ይህን ያህል በሥርዓት የተሠራ ነገር ነበር። ለውጡ አስፈላጊ ነበር፤ እሱን የሚነቅፍ ሰው አላውቅም።

የማማርረው ከለውጡ በኋላ የሆነውን ነው። ወደ ሃያ ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ በየሱቁ ቆርቆሮ ላይ ስድስት አሃዝ ቁጥር ተጽፎ ይታያል። ቀለሙ ለቋል፣ ዝገቱ ከታች እየበላው ነው፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል፣ ማንም አይነካውም። እንግዳ ሰው እሱን ገልብጦ ይደውላል። የጎረቤቴ አቦይ አንድ የእጅ ማስታወሻ አላቸው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ቅጠሉ የቆሸሸ፣ ቁጥሮቹ በእርሳስ የተጻፉ። አላማጣ ያለው የአጎት ልጅ፣ አዲግራት ያለች የክርስትና ልጅ፣ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባ፣ ሁሉም በስድስት በስድስት አሃዝ ተደርድረዋል። አንዳንዱ ጎን ኮዱ 04፣ አንዳንዱ ጎን 01 ይላል። እነዚህን ወደ አዲሱ መልሶ ለመጻፍ የሚያግዛቸው ሰው ከየት ይምጣ? ልጆቻቸው የሰዎቹን ስም ስልካቸው ውስጥ ስላስገቡ ቁጥር የሚያስታውስ ከቤቱ ጠፍቷል። እሳቸው ደግሞ ስልኩ ውስጥ የገባውን ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነቡት እርሳሱን ነው። ለውጥ ሲመጣ ሰው ይነገረዋል፣ ከዚያ ለባለ እርሳሱ የሚያስብ አይገኝም።

ሞባይልም ሲመጣ አካባቢን ይዞ ነበር የመጣው። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ በኋላ ወደ ክልል ሲወርድ፣ 0911 የአዲስ አበባ፣ 0914 የእኛ የሰሜኑ፣ 0918 የባሕር ዳርና የጎንደር ሆነው ታወቁ። ስልክ ሲጮህ 0914ን አይቶ «ከቤት ነው» ማለት ትልቅ ነገር ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሆኖ ያችን አሃዝ ሲያይ እየሮጠ ይወጣ ነበር። ዛሬ ሲም ካርድ ከየትም ይገዛል፣ ቁጥሩም ከሰውዬው ጋር ይዞራል፤ ሁመራ የተገዛ ቁጥር ሐዋሳ ያነሳል። ይህም በራሱ ክፉ አይደለም፤ አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችንም ሲያትል ገብተው የቨርጂኒያውን 703 አልጣሉም። ነገር ግን ከቁጥሩ ቦታው ሲወጣ የተካልን ነገር የለም። የማናውቀው ቁጥር ሲደውል ከየት እንደሆነ አናውቅም፤ ከባንክ ነኝ የሚለውም፣ ዕጣ ደርሶሃል የሚለውም፣ የታመመ ዘመድ አለህ ብሎ የሚያስደነግጠውም በአንድ ዓይነት አሃዝ ነው የሚመጣው። ከውጭ ደግሞ አንድ ጊዜ ጮሆ የሚጠፋ፣ ኮዱ የየትኛው አገር እንደሆነ የማይታወቅ ጥሪ አለ፤ መልሶ የደወለ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ሰው ያላወቀውን ቁጥር ማንሳት ተወ። ማንሳት ሲተው ደግሞ እውነተኛው የሆስፒታል ጥሪ፣ እውነተኛው የሥራ ጥሪ አብሮ ያልፋል።

መደበኛ ስልክ ዛሬም ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። 034 442 የሚል ቁጥር አይዋሽም፤ ቁሓ ላይ ካለ ቤት ወይም ቢሮ ነው የሚመጣው። ቁሓ አሁን የመቀሌ ክፍለ ከተማ ናት፤ ቁጥሯ ግን ከመቀሌዎቹ ከ440ና ከ441 ተለይቶ የራሷን ማዞሪያ ይናገራል። ከአዲስ አበባ ወደ አዲግራት የሚያልፈው ዋናው መንገድ በእሷ በኩል ነው፤ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያም አጠገቧ ነው። ለዓይን ሕክምና ከሩቅ ገጠር ድረስ ሰው ይመጣባታል። ብዙ መንገደኛ፣ ብዙ ጠያቂ ያለባት ቦታ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ምን ያህል ገንዘብና ጉልበት እንደሚያድን ማስረዳት አያስፈልግም።

እና ሰው ይደውላል። አይነሳም።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልናገር፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱም የአንዱ ብቻ አይደለም። አንድ ወረቀት ፈልጌ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ለበለጠ መረጃ» ይልና 034 ብሎ ቁጥር ተጽፏል። ጠዋት ደወልኩ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ከምሳ በኋላ ደወልኩ፣ ጮኸ፣ ቆመ። በማግሥቱ በአካል ሄድኩ። ስልኩን አየሁት፤ ጠረጴዛ ላይ፣ የፋይል ክምር ሥር፣ ሽቦው ሳይነቀል ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ያለችውን ልጅ ስጠይቃት «እሱ ስልክ የማን እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። የምፈልገው ሰው የለም፣ ሰኞ ይመለሳል። ይህን ለመስማት ነው የታክሲ ከፍዬ፣ ሥራዬን ትቼ የሄድኩት። በስልክ በግማሽ ደቂቃ የሚነገር ነገር ነበር። እኔስ ጤነኛ ነኝ። በዱላ የሚሄዱ አደይ ከእኔ ኋላ ቆመው ያንኑ መልስ ተቀበሉ።

ይህ ጉዳይ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ሲሰማው ቀላል ቅሬታ ይመስለው ይሆናል። እዚህ ግን ስልክ አለመነሳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ እናውቃለን። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። መቀሌ ላይ በመሐል ተመልሶ ነበር፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንደገና ጠፋ። ከዚያ ከዓመት በላይ 034ም 0914ም ዝም አሉ። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ መስመሩ መቀሌ ላይ መመለስ የጀመረው በታኅሣሥ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውጭ ያለው ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ነው ያደረው፤ እዚህ ያለውም የልጁን ድምፅ ሳይሰማ ነው የመሸበት። መስመሩ ሲለቀቅ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ጥሪ የሰማው መርዶ ሆኖ ነው። ከወራት፣ ከዓመት በፊት የሞተ ሰው ለቅሶ በስልክ ተጀመረ።

ከዚያም በፊት ሌላ ዝምታ ነበረብን። ኤርትራ ከተለየች በኋላ የራሷን 291 ይዛ ወጣች፤ እኛ 251 ላይ ቀረን። በአንድ አሃዝ የሚለያዩ ሁለት ኮዶች ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ ቀጥታ መስመሩ ተዘጋ፤ በቁሓ አልፎ የሚሄደውን የአስመራ መንገድ ይዞ የተበታተነ ቤተ ዘመድ ሃያ ዓመት ሳይደዋወል ኖረ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መስመሩ ሲከፈት ሰው የማያውቀውን ቁጥር ሳይቀር እየመታ፣ ያነሳለትን ሰው እየሳቀና እያለቀሰ ሰላም ይል ነበር። የስልክ መነሳት ብቻውን የዚያን ያህል ያስደስት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ያለፍን ሰዎች ነን። ስልክ በኃይል ሲዘጋ ምንም ማድረግ አልቻልንም። ዛሬ ግን መስመሩ ተከፍቷል፣ የተቆረጠው ተጠግኗል፣ ኮዱ ይሠራል። ስልኩ የሚጮኸው እኛው መሐል ነው፤ የማያነሳውም እኛው መሐል ያለ ሰው ነው። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጦርነት የዘጋውን ስልክ ማዘን እንጂ ምን ይደረጋል? ስንፍና የዘጋውን ግን መታገሥ አቃተኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ገንዘብም አያስወጣም። ቅጽ የምታዘጋጁ፣ ሳጥኑ አጠገብ አንድ መስመር ጨምሩ፤ በዜሮ ይጀመር ወይስ ያለ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። መደበኛ ስልክ ብቻ ያለውን ሰው ከቅጹ አታውጡት። ካርድ የምታሳትሙ፣ ቅንፉን ተዉት፤ ከውጭ የሚደወለውን ለብቻ፣ ከአገር ውስጥ የሚደወለውን ለብቻ አድርጋችሁ ጻፉ። ሱቃችሁ ላይ ስድስት አሃዝ ያለበት ቆርቆሮ ካለ በአንድ ብሩሽ ቀለም ይስተካከላል። ወጣቶች፣ ለእናት ለአባታችሁ ቁጥሮቹን በትልልቁ፣ ከነኮዳቸው፣ በእስክሪብቶ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው፤ የናንተ ስልክ ባትሪ ሲያልቅ እሱ አያልቅም። ቢሮ ያላችሁ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ የማን እንደሆነ ዛሬውኑ ወስኑ፤ ስም ጻፉበት። ሰው ሲለወጥ ቁጥሩንም ለተተኪው አስረክቡ። የማይሠራ ከሆነ ከሰሌዳው ላይ አንሱት፤ የሞተ ቁጥር ሰቅሎ ሰውን ከማልፋት የሌለ ቢባል ይሻላል።

ኮድ ማለት «እዚህ አለን፣ ድረሱን፣ ጠይቁን» ብሎ ቃል መግባት ነው። ያንን ቃል በር ላይ በትልቁ ጽፎ የለጠፈ ሁሉ፣ ስልኩ ሲጮህ ያንሳ።